ሊንክ ሰይፍ የተማረበት ጌም

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1986 ኒንቴንዶ ለጃፓን ገበያ ሁለት ነገር ባንድ ቀን አወጣ። አንዱ ፋሚኮም ከተባለው የቤት መጫወቻው ጋር የሚገጠም የዲስክ ማጫወቻ ነው፤ ዋጋው 15,000 የን። ሌላው በዚያ ዲስክ ላይ የመጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ነው። የጊዜው ካርትሪጅ ውድ ነበር፤ የሚይዘውም ጥቂት። ዲስኩ የበለጠ ይይዛል፣ ተጫዋቹ የደረሰበትን መዝግቦ ያቆያል፣ ጌሙ ሲሰለችም ሱቅ ተወስዶ በ500 የን ሌላ ይቀዳበት ነበር።

ሺገሩ ሚያሞቶ ያደገው ከኪዮቶ ወጣ ባለችው ሶኖቤ ነው። በልጅነቱ ጫካ ለጫካ ሲዞር ዋሻ አግኝቶ ፋኖስ ይዞ እንደገባ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ከታካሺ ቴዙካ ጋር የሠራው ጌምም ይህንኑ የልጅ ድፍረት ነው የሚሸልመው። አገሩ ሃይሩል ይባላል፤ ከላይ ወደ ታች ይታያል። ተጫዋቹ ሊንክ የተባለውን ልጅ ይዞ ወዳሻው ይሄዳል፤ ቁጥቋጦ ያቃጥላል፣ አለት ያፈነዳል፣ ከሥሩ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ ያገኛል። በዓለም ዙሪያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ።

ሁለት ነገር ግን አልነበረውም። ሃይሩል ሰው የማይኖርባት አገር ናት። ዋሻ ውስጥ የተቀመጡ ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች አሉ እንጂ መንደር የለም፣ በር ላይ የቆመች ሴት የለችም፣ ውሃ ቀድቶ የሚመለስ ሰው የለም። ሰይፉም ገና ሰይፍ አልሆነም፤ ቁልፉ ሲጫን ወደ ፊት ይወጋል፣ ይመለሳል። ውጊያው የመቆሚያ ቦታ ጉዳይ ነበር፦ ጠላት ካለበት መስመር መግባት፣ መውጋት፣ መሸሽ። ይህን የማነሳው ታላቁን ጌም ለማሳነስ አይደለም። ከእሱ በኋላ የመጣውና እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ በክፉ የሚነሳው ጌም ምን እንደሠራ የሚታየው ከዚህ ሲነሱ ስለሆነ ነው።

ዓመቱ ለጌም ሠሪዎች የጥድፊያ ዓመት ነበር። «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በሴፕቴምበር 1985 ወጥቶ በጎን የሚታይ ሩጫና ዝላይን ለሁሉም አስለምዷል። በሜይ 1986 ደግሞ «ድራጎን ኩዌስት» ለጃፓን ልጆች ጭራቅ እየገደሉ የልምድ ነጥብ ማጠራቀምን፣ በነጥቡም እየጠነከሩ መሄድን አስተማረ። ሚያሞቶ ሁለተኛው ዜልዳ የመጀመሪያው ቅጥያ ሆኖ እንዲቀር አልፈለገም። በአብዛኛው አዲስ የሆነ ቡድን ተሰበሰበ፤ እሱ ፕሮዲውሰር ሆነ፣ ዳይሬክተርነቱን ታዳሺ ሱጊያማ ያዘ፣ ሙዚቃው ከኮጂ ኮንዶ ወደ አኪቶ ናካትሱካ ተላለፈ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1987 ጌሙ ወጣ። ከመጀመሪያው አሥራ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። ምዕራባውያን በኋላ «ዜልዳ 2፦ ዚ አድቬንቸር ኦፍ ሊንክ» ብለው የሚያውቁት ይህ ነው።

ዲስኩን የከተተ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው የተኛች ልዕልት ነው። ከመሠዊያ በመሰለ ድንጋይ ላይ ተጋድማለች፤ ሊንክ ከፊቷ ቆሟል፤ ሁሉም ነገር በጎን ይታያል። ከጌሙ ጋር የመጣው መጽሐፍ ታሪኩን ይተርካል። ከብዙ ዘመን በፊት የሃይሩል ንጉሥ ሲሞት ትራይፎርስ የተባለውን ቅዱስ ኃይል ከፊሉን ደብቆ ምስጢሩን ለልጁ ለዜልዳ ብቻ ነገራት። ወንድሟ ጠየቃት፤ አልተናገረችም። አጠገቡ የነበረ አስማተኛ በቁጣ እንቅልፍ ደገመባት፤ ከዚያ ወዲህ አልነቃችም። ልዑሉ ተጸጽቶ በሰሜኑ ቤተ መንግሥት አስተኛት፤ ከእንግዲህ በዘሩ የምትወለድ ሴት ልጅ ሁሉ ዜልዳ ትባል ብሎም አዘዘ። እነሆ ሊንክ 16 ዓመት ሲሞላው በግራ እጁ ጀርባ ላይ ምልክት ወጣ፤ የንጉሣዊው ቤተሰብ ሞግዚት ኢምፓ ምልክቱን አይታ ወደ ተኛችው ወሰደችው። በስድስት ቤተ መንግሥት ስድስት ዕንቁ አስቀምጦ የታላቁን ቤተ መንግሥት በር መክፈት አለበት። በመጀመሪያው ጌም የተገደለው የጋኖን ሠራዊት በበኩሉ ሊንክን ያሳድዳል፤ ደሙ በጋኖን አመድ ላይ ከተረጨ ጌታቸው ይነሳልና።

ይህ ለ1987 ጌም ከባድ ታሪክ ነው። ደግሞ በመጽሐፉ ብቻ አልቀረም። ተጫዋቹ ነፍሱ ሲያልቅ ማያው ላይ የጋኖን ጥላ ይነሳና ይስቃል፤ መመለሱም በጽሑፍ ይታወጃል። ማለትም ተሸንፈህ «እንደገና ሞክር» ብቻ አይደለም የምትባለው፤ ሽንፈትህ በዚያች አገር ላይ ምን እንዳመጣ ታያለህ። ከዚያም የምትነሳው ከተኛችው ልጅ አጠገብ ነው። ይህ ወደ መነሻ መመለስ ከጌሙ ጥፋቶች ሁሉ ቀድሞ ይጠቀሳል፤ ረጅም መንገድ እንደገና ማስኬዱም እውነት ነው። እኔ ግን በዚያ ዘመን ከተሠሩ ጌሞች መካከል የተነሳህበትን ምክንያት በየጊዜው አምጥቶ ከፊትህ የሚያቆም ሌላ አላውቅም።

አገሩን ሲያቋርጥ ሊንክ አሁንም ከላይ ይታያል። የጭራቅ ጥላ ከነካው፣ ከተማ ወይም ዋሻ ከገባ ግን ዓይኑ ወደ ጎን ይዞራል፤ ውጊያው ያን ጊዜ ይጀምራል። ሦስት ነፍስ አለው። የገደለው ጭራቅ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በነጥቡ የሰይፉን፣ የድግምቱንና የጤናውን ደረጃ እስከ 8 ያሳድጋል። ለድግምት የሚያልቅና የሚሞላ የኃይል መለኪያ አለው፤ በዜልዳ ጌሞች የመጀመሪያው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥሩር ለባሹ ዘበኛ አለ። አይረን ናክል ይባላል፤ ከቤተ መንግሥቶቹ ውስጥ ይቆማል፤ ቁመቱ የሊንክን ያህል ነው፤ ሰይፍና ጋሻ ይዟል። ከላይ ብትሰነዝርበት ጋሻውን ያነሳል፤ ጎንበስ ብለህ ብትወጋው ጋሻው ይወርዳል። እሱም በተራው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይልካል፤ አንተም ቆመህ ወይም ጎንበስ ብለህ በጋሻህ መቀበል አለብህ። በመጀመሪያው ጌም ጠላት እንቅፋት ነበር። ይህ ግን የሚያይህ ባላጋራ ነው። እጁን አንብበህ፣ ወደ ታች የምትመታ መስለህ ወደ ላይ፣ ዘልለህ ስትወርድ በራሱ ቁር ከፍታ ላይ ካላገኘኸው አታልፍም። የመጀመሪያ ቀን የማይቻል ይመስላል። ውሎ አድሮ እጅ ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ ያገኘኸው ነገር በየትኛውም ነጥብ የማይገዛ ነው፤ ሊንክ ሳይሆን አንተ ነህ የተማርከው። ይህ ጌም ለምን መከበር እንዳለበት አንድ ምክንያት ብቻ ስጥ ብባል የምሰጠው ይህን ዘበኛ ነው።

ትምህርቱ ደግሞ መምህር አለው። ሚዶ በምትባለው ከተማ በሩ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት አለ፤ የዝላይ ድግምት ያልያዘ አይደርስበትም። ውስጡ ያለው የሰይፍ ሰው ከላይ ሲወርዱ ሰይፍን ወደ ታች አድርጎ መውጋት ያስተምራል። ዳሩንያ ላይ ሌላው ወደ ላይ መውጋትን ያስተምራል። እነዚህ ሁለት ምቶች ከተጨመሩ በኋላ ሊንክ ሌላ ሰው ነው።

ከተሞቹም ሌላው ሥራው ናቸው። ራውሩ፣ ሩቶ፣ ሳሪያ፣ ሚዶ፣ ናቡሩ፣ ዳሩንያ፣ ካሱቶ። ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ሲያነጋግሩህ ቆመው ነው፤ አንዳንዷ ቤቷ አስገብታ ጤናህን ትመልስልሃለች። ከአንዱ ቤት ልጅ ጠፍቷል፣ አንዲት ሴት ደግሞ ውሃ ጠምቷታል። ሃይሩል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታደጉት ሕዝብ አገኘች። ከሁሉም የማትረሳኝ ካሱቶ ናት። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ከተማዋን ባዶዋን ታገኛታለህ፤ ቤቶቹ ቆመዋል፣ ሰው የለም፣ መስቀል የተባለውን ዕቃ ካልያዝክ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ይመቱሃል። የቀሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሕዝቡ ሸሽቶ በምሥራቅ ጫካ ውስጥ ተደብቋል፤ ዛፉን በመዶሻ እየጣልክ ትፈልገዋለህ። በዚያን ጊዜ በነበረች ጥቂት ማኅደረ ትውስታ የስደት ታሪክ ተነግሯል።

ጥፋቱን አልሸሽግም። ሞት ተራራ የተባለው የተጠላለፈ የዋሻ መንገድ ገና በጅምሩ፣ ሊንክ ገና ደካማ ሳለ ይመጣል፤ መጥረቢያ የሚወረውሩትን ጭራቆች ማለፍ ትዕግሥትን ይጨርሳል። አንዳንዱን ምስጢር ያለ ሰው ምክር ማግኘት አይቻልም። የጃፓኑ የዲስክ ቅጂ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር፤ ነፍስ አልቆ እንደገና ሲጀመር ሦስቱም ደረጃዎች ዝቅተኛው ወዳለበት ይወርዳሉ። ለሌላው ዓለም ሲዘጋጅ ይህ ቀረ።

ወደ አሜሪካ የመጣው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው ዜልዳ እዚያ የደረሰው በ1987 ኦገስት ላይ ነበር። ተከታዩ በ1988 ሊወጣ ሲጠበቅ የዓለም የቺፕ እጥረት መጣ፤ ካርትሪጅ የሚሠራበት ቺፕ ጠፋ፣ ሱቆች ባዶ ሆኑ፣ ወላጆች ለገና ጌም ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ተንከራተቱ። በወርቃማ ካርትሪጅ የመጣው ጌም ዲሴምበር ላይ እጃቸው ሲገባ ሽሚያው ብዙ ነበር። «ኒንቴንዶ ፓወር» መጽሔት በ1989 መጀመሪያ በሽፋኑ አወጣው። በዓለም ዙሪያ 4.38 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ ይህን ጌም ሲያነሱ ብዙዎች ገና ከጅምሩ የተጠላ ያስመስሉታል። አልነበረም። ልጆች ተሻምተውበታል፣ መጽሔቶች አሞግሰውታል፣ ከባድነቱም በዚያን ዘመን እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። ስሙ የጠፋው በኋላ ነው፤ የጠፋበትም ምክንያት ከራሱ ይልቅ ከተከተሉት ጌሞች ጋር የተያያዘ ነው።

ኖቬምበር 21 ቀን 1991 በሱፐር ፋሚኮም «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» ወጣ። ካሜራው ወደ ላይ ተመለሰ፣ የልምድ ነጥቡ ቀረ፣ ሦስት ነፍስ ቀረ። ድንቅ ጌም ነው፤ 4.61 ሚሊዮን ተሸጠ፤ ከሁለተኛው የበለጠው በጥቂት ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «እውነተኛ ዜልዳ» ምን እንደሚመስል ተወሰነ፤ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ሲመሳሰሉ መካከለኛው ብቻውን ቀረ። ሳይነገር የቀረው ሦስተኛው ከሁለተኛው የወሰደው ነው፤ የድግምቱ መለኪያ በማያው ጥግ ላይ ቆሟል፣ ካካሪኮ የተባለው መንደርም በሰው ተሞልቷል። ከመጀመሪያው የመጡ አይደሉም።

ቀጥሎ በ1993 ለፊሊፕስ ሲዲአይ ሁለት የዜልዳ ጌሞች ወጡ። ኒንቴንዶ አልሠራቸውም፤ በፈቃድ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም በጎን የሚታዩ። ኋላ ላይ መሳለቂያ ሆኑ። በጎን የሚታይ ዜልዳ ማለት ክሽፈት ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር እንዲሰድ ረድተዋል ብዬ አምናለሁ፤ የዚያን ዕዳ የከፈለው ሁለተኛው ጌም ነው።

በዚሁ ዘመን ግን ኪዮቶ ውስጥ፣ ማንም ሳያይ፣ ሌላ ነገር ይደረግ ነበር። ይህን የምናውቀው በ2011 የኒንቴንዶው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ «ኦካሪና ኦፍ ታይም»ን የሠሩትን ሰብስቦ ባደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። ከእነሱ አንዱ ዮሺያኪ ኮይዙሚ እንደተናገረው፣ ገና በሱፐር ፋሚኮም ዘመን እሱና ሚያሞቶ ሁለተኛውን ዜልዳ በፖሊጎን ለመሥራት ሲሞክሩ ነበር። በጎን የሚታይ፣ ቀጭን የፖሊጎን ሊንክ፣ በሰይፍ የሚዋጋ። ያ ሙከራ ለገበያ አልበቃም፤ በሁለተኛው ጌም ሙሉ በሙሉ ያልተሳካውን የሰይፍ ግጥሚያ አንድ ቀን ማሳካት የሚለው ምኞት ግን ወደ ኒንቴንዶ 64 አብሯቸው ተሻገረ። ብዙ ጌም ወዳዶች የዘመናዊው ዜልዳ ራስ የሚሉት «ኦካሪና ኦፍ ታይም» የተፀነሰው እንደ ሁለተኛው ዜልዳ ልጅ ነው። ይህ ነገር የሚገባውን ያህል አልተወራለትም።

ችግሩ ሦስት አውታር ባለው በዚህ አዲስ ጌም ዓለም ውስጥ ሰይፍ ባላጋራን መሳቱ ነበር፤ ከጎን ሲታይ መስመሩ አንድ ነበር፣ አሁን ግን በዙሪያ ነው። ቶሩ ኦሳዋ፣ ኮይዙሚና ባልደረቦቻቸው መላ ፍለጋ ኪዮቶ ውስጥ ኡዙማሳ ወዳለው የቶኤይ የፊልም መንደር ሄዱ። የጃፓን የጥንት የሰይፍ ፊልሞች የሚቀረጹበት፣ ለጎብኚም ክፍት የሆነ ስፍራ ነው። በጋ ነበርና ሙቀቱን ሸሽተው ከቲያትር ቤቱ ገቡ፤ መድረኩ ላይ ኒንጃዎች አንድ ሳሙራይ ከበዋል። አንዱ ሰንሰለት ያለው ማጭድ ወረወረ፤ ሳሙራዩ በክንዱ ያዘው፤ ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ኒንጃውም በሰንሰለቱ ርዝመት ልክ ዙሪያውን ተሽከረከረ። ሌሎቹ ደግሞ አንዱ እስኪጨርስ ተራቸውን ይጠብቃሉ። መላው ተገኘ፦ በሊንክና በባላጋራው መካከል የማይታይ ሰንሰለት መወጠር። ተጫዋቹ ዜድ የተባለውን ቁልፍ ሲይዝ ካሜራው ባላጋራው ላይ ይጸናል፣ ሊንክ ፊቱን ሳያዞር በዙሪያው ይራመዳል፣ ጋሻውን ያነሳል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ በርካታ ባለ ሦስት አውታር የውጊያ ጌሞች ይህንኑ መላ ይጠቀማሉ።

ኖቬምበር 1998 ጌሙ ሲወጣ ሁለተኛውን የሚያውቅ ሰው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያያቸው ነበር። ጋሻ ይዘው የሚጠብቁ አጽሞች፣ ክፍተት እስኪገኝ መታገሥ። በውሃው ቤተ መቅደስ የራሱ የሊንክ ጥላ ተነስቶ ይገጥመዋል፤ ያ ጥላ የሁለተኛው ጌም የመጨረሻ ባላጋራ ነው። የጠቢባኑ ስሞችም የታወቁ ናቸው፦ ራውሩ፣ ሳሪያ፣ ዳሩንያ፣ ሩቶ፣ ናቡሩ። የ1987 ከተሞች ሰው ሆነው መጡ፤ በሃይሩል የዘመን ቅደም ተከተል ደግሞ ከተሞቹ የተሰየሙት በእነሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ1999 «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ» ሲወጣ ሊንክ ከአየር ሰይፉን ወደ ታች አድርጎ ይወርዳል፤ ሚዶ ላይ የተማረው ምት ነው። በ2001 በተከታዩ የናካትሱካ የቤተ መንግሥት ዜማ አዲስ ሆኖ ተሠራ፤ ዜማውን ከፍ አድርገው የሚወዱ ብዙዎች ከየት እንደመጣ የሚያውቁ አይመስለኝም። በ2006 «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» የሞተ ተዋጊ አምጥቶ ሊንክን የሰይፍ ጥበብ በየደረጃው አስተማረው። በ2014 «ሾቭል ናይት»ን የሠሩት ወጣቶች ከሁለተኛው ዜልዳ መማራቸውን በግልጽ ተናገሩ።

ሚያሞቶ ራሱ በ2013 ከሥራዎቹ መጥፎው የቱ እንደሆነ ተጠይቆ መጥፎ ጌም ሠርቻለሁ አልልም፣ የበለጠ ልንሠራበት ይገባ የነበረው ግን ይህ ነው ብሎ ሁለተኛውን ዜልዳ ጠቀሰ። ሌሎች ጌሞች ሲሠሩ ከታሰበው በላይ ያድጋሉ፤ ይህ እንደታቀደው ሆኖ ቀረ ማለቱ ነው። ነቃፊዎች ይህን ቃል እንደ ፍርድ ይዘውታል። እኔ የምሰማበት ያልተሟላ ሥራ የቀረበትን ሰው ቁጭት ነው፤ ያ ቁጭት ባይኖር የፖሊጎኑ ሙከራ፣ ወደ ኡዙማሳ መሄዱም ባልኖረ። ያልተሳካው ነገር አሥር ዓመት አብሮት የኖረው እንዲሳካ የሚገባ ስለነበረ ነው።

ዛሬ ጌሙን ማግኘት ቀላል ነው። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ በኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን አለ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ደግሞ የተጫወቱትን ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ ተጨመረለት። አሁን ለሚጀምረው የምመክረው ይህን ነው፦ ሞት ተራራ ላይ ያለ ምንም ይሉኝታ ተጠቀምበት፤ መንገዱ ሲጠፋህ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ፤ በ1988 የነበሩ ልጆችም የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸውን እየጠየቁ ነው የጨረሱት። ጥሩር ለባሹ ዘበኛ ፊት ስትቆም ግን ያን ቁልፍ አትንካው፤ ይምታህ፣ ጋሻውን መቼ እንደሚያነሳ መቼ እንደሚያወርድ ልመድ፤ ጥሩር ለባሹ እስኪወድቅልህም ድረስ ስለዚህ ጌም አትፍረድ።